ለእህቱ የተሰጡ ቃላት

ፀጉር ቤቱ ሦስት ወንበሮች አሉት፤ መሀለኛዋ የእሷ ናት። ወንበሯ ላይ የሚቀመጠው ደንበኛ ነው፤ የእሷ የሆነው ከወንበሯ ጀርባ ያለው ወለል ነው። ከመቆሟ ብዛት የወለሉ የአበባ ሥዕል እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ጠፍቷል። ግማሽ ዕድሜዋን እዚያ ቆማ የሰው ፀጉር ስትፈታ ኖራለች። ሰፈሩ «ማበጠሪያ» ይላታል። ስሙ ከሥራዋ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። አንድ ነገር ከጠረጠረች ቋጠሮውን በጣቷ ትዳስሳለች፣ ከሥሩ ትይዛለች፣ እስከ ጫፉ ሳታወርደው አትለቅም። «አያምም» ትላለች። ያማል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ ደንበኛዋ ነኝ። አብዛኛውን የሰማሁት ከእጇ ሥር ተቀምጬ፣ ፊቷን በመስታወት እያየሁ ነው። የቀረውን የባሏ ታላቅ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ሆና ነግራኛለች፤ ካስክ ሥር ያለ ሰው ሲያወራ የሚጮህ ስለማይመስለው ቤቱ ሁሉ ሰምቶታል።

ማበጠሪያ ቀናተኛ ናት። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ራሷ ናት። «እኔ እኮ ባሌ ትራሱን አቅፎ ቢተኛ በትራሱ እቀናለሁ» ትላለች፣ ሳቋ ግን ግማሽ ነው። ባሏ ቪዲዮ አቀናባሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የማያውቃቸውን ሴቶች ፊት ሲያጠራ፣ ድምፃቸውን ሲያስተካክል ይውላል። እሷም ቀኑን ሙሉ ሴት ስታሳምር ትውላለች። «እኔ አሳምሬ እሸኛለሁ፣ እሱ አሳምሮ ይቀበላል» አለችኝ አንድ ቀን። እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር ከፀጉር ማድረቂያ ጩኸት መሀል ሲወጣ ሰምቼ ለቀናት ገርሞኛል።

የባሏ ደንበኞች ባሕር ማዶ ናቸው። የሚከፍሉት በክሪፕቶ ነው፤ በእጅ በማይጨበጥ፣ በኮምፒውተር ውስጥ ብቻ በሚኖር ገንዘብ። እህቱ ይህን ስትሰማ መቀሷን አስቀምጣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ነበር። እሱና ማበጠሪያ ግን ያችን የሰማይ ላም ሳያልቡ ዓመታት አሳድገዋታል። አሁን ግን የሚያልቧት ጊዜ ደርሷል፤ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ቤቱን ሊሸጡ ነው። ለማበጠሪያ ቅድሚያ ሰጥተዋታል። ዓመቱ ሳያልቅ ካልገዛች ግን ጎረቤት ያለው የስልክ መሸጫ ግድግዳውን አፍርሶ ይጠቀልለዋል። ያኔ አበባው የጠፋበት ወለል ላይ የስልክ ሽፋን ይደረደራል።

ነገሩ የተጀመረው በሦስተኛዋ ወንበር ነው። እዚያ የምትሠራው ልጅ አንድ ጠዋት ዓይኗ አብጦ መጣች። ወንድሟ «ሽልማት ደርሶሃል» የሚል መልእክት ስልኩ ላይ መጥቶለት፣ ሊንኩን ነክቶ፣ የክሪፕቶ ፓስወርዱን አስገብቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ያጠራቀመው ሁሉ ባዶ ሆኗል። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ከጥግ ሆነው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። ማበጠሪያ ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው፤ ባሏም ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ለከበባ የሚዘጋጅ ከተማ መሰለ። ፓስወርዶቹን ሁሉ ቀየረ፤ አንዱ ከሌላው እንዳይመሳሰል አደረገ። የስልክ ቁጥሩን ሌባ የስልክ ድርጅቱን አታልሎ በራሱ ሲም ካርድ ሊያወጣው ይችላል ብሎ፣ ማረጋገጫ ቁጥሩ በአጭር መልእክት መምጣቱን ትቶ ስልኩ ውስጥ ካለ መተግበሪያ እንዲወጣ አደረገ። በመጨረሻም ፍላሽ የምታህል ትንሽ መሣሪያ ገዛ። የገንዘቡ ቁልፍ በእሷ ውስጥ፣ ከኢንተርኔት ውጭ፣ ተዘግቶ ይኖራል። መሣሪያዋን ቁም ሳጥን ውስጥ ከማበጠሪያ ሹራቦች ሥር አኖራት፤ የምትከፈትበትንም ቁጥር ነገራት።

«የልደት ቀኔን አታደርገውም ነበር?» አለችው።

«ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው የልደት ቀንሽን ነው።»

«የልደት ቀኔን ሌባ ከየት ያውቀዋል?»

«አንቺ ያልነገርሽው ሰው አለ?»

ሳቀች። የቁጥሩ ነገር ለአንድ ሳምንት ያህል ከነከናት፣ የማን ልደት ይሆን ብላ፤ የማንም እንዳልሆነ ስታረጋግጥ ተወችው። ደስተኛ ነበረች። እሱ ገበታው ላይ በጨው ዕቃና በማንኪያ «ይሄ ሌባው ነው፣ ይሄ እኛ ነን» እያለ ያስረዳት ነበር። ሰው ሲያስረዳት ትወዳለች። ማስረዳት ማካፈል ነው።

እሑድ ለምሳ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄዱ። ተበላ፣ ተጫወቱ። ሳህኑ ሲነሳ ልብስ ሰፊዋ ወደ ወንድሟ ጠጋ አለችና «ያቺ ነገር ደህና ናት፣ አታስብ» አለችው። እሱም ዓይኑን አርገበገበላት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቶሎ፣ ትንኝ እንደገባበት ሰው።

ማበጠሪያ አየችው።

ቤታቸው ገብተው በሩ ሲዘጋ ቋጠሮውን ከሥሩ ያዘችው።

«ደህና ናት የተባለችው ማናት?»

«የቷ?»

«ዓይንህን ያርገበገብክላት።»

«ኧረ እሷ... የመሣሪያዋ ቃላት ናቸው። መሣሪያዋ ብትጠፋ፣ ብትሰበር፣ ገንዘቡን የሚመልሱት እነሱ ናቸው። ሃያ አራት ቃላት ናቸው። ግማሹን እቴቴ ጋ አስቀመጥኩ፣ ግማሹ ሥራ ቦታ ነው።»

«ምን የሚሉ ቃላት?»

«እንዲሁ ተራ ቃላት። እኔ አልመረጥኳቸውም፣ መሣሪያዋ ናት። ግን አይነገሩም።»

«ለእህትህ ተነግሮ ለእኔ የማይነገር ቃል ምን ዓይነት ነው?»

«እሷም አልተነገራትም። በእንግሊዝኛ ነው፣ ምን እንደሚሉ አታውቅም።»

«እንግዲያው እኔ ከማውቅ እሷ ባታውቅ ይሻላል።»

ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም። ሃያ ደቂቃ የሚሞላ ማብራሪያ ነበረው፤ በጨው ዕቃና በማንኪያ ቢያስረዳት ኖሮ ይህ ታሪክ እዚሁ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ደክሞት ነበርና «አንቺ ደግሞ በቃል ትቀኛለሽ እንዴ?» ብሎ ማዳመጫውን አነሳ።

አዎ፣ በቃል ቀናች። እኔ ብዙ ቅናት አይቻለሁ፣ አንብቤአለሁም፤ ምን እንደሚሉ በማይታወቁ አሥራ ሁለት ቃላት የሚቀና ሰው ግን ከእሷ በፊት አላየሁም። ፀጉር ስትሠራ ታስባቸዋለች። አንድ ወንድም ለእህቱ የሚሰጣቸው ቃላት ምን ይሆናሉ? ከልጅነታቸው የተረፉ፣ በብርድ ልብስ ሥር የሚንሾካሾኳቸው ይመስሏታል። መሣሪያ መረጣቸው ማለቱን አላመነችውም። ወይስ አምናዋለች፣ ግን ምን ለወጠ? በአንድ ደንበኛ ራስ ላይ አሥራ ሁለት ሹሩባ ከጎነጎነች በኋላ ቆማ ቆጠረቻቸውና ሁለቱን ፈታቻቸው። ደንበኛዋ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አታውቅም።

በማግሥቱ ሰፊ ቀሚስ ይዛ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደች። «አጥብቢልኝ» ለማለት ነበር።

የልብስ ሰፊዋ ክፍል መስኮቷ መንገድ ላይ ይከፈታል። ስፌት መኪናው ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ፊት ለፊቱ ትራስ የለበሰች አጭር ወንበር አለች። ወለሉ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ ጠመኔ፣ ከሰል የማይፈልግ ግን አሁንም የከሰሉ ጊዜ እጀታ ያለው ካውያ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የማበጠሪያን ወገብ ከበበችው።

«ቀጥነሻል፤ ወንድሜ አያበላሽም?»

«ያበላኛል እቴቴ። የሚነፍገኝ ምስጢር ብቻ ነው።»

«አሃ። ለካ ለዚህ ነው ልብሱ የሰፋሽ።»

በር ተንኳኳ። የተጠናቀቀ ሱሪ የሚወስድ ደንበኛ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ወጣ አለች። ማበጠሪያ እጇ ቀደማት፤ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሳበች። ቁልፍ፣ መርፌ፣ ክር፣ ክር፣ ክር።

«ከታችኛው ጀምሪ» አለ ከበሩ ድምፅ። «የላይኛው ክር ብቻ ነው።»

ማበጠሪያ መሳቢያውን አልመለሰችም። መመለሱ የባሰ መሰላት።

ልብስ ሰፊዋ መጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ትራሷን አመቻቸች። አልተቆጣችም። ቢቆጡ ይሻላል የሚባልበት ዓይነት ድምፅ ነበር የወጣት። «እናታችን ስታርፍ ይሄ ልጅ ጥርስ አላበቀለም ነበር። እዚህ ጀርባዬ ላይ ነው ያበቀለው፤ ሲነክሰኝ ነው ያወቅኩት። አንቺ መጣሽ። መልካም ነው፣ ልጁ ማግባት ነበረበት። ልብሱን ታጥቢያለሽ፣ ሲያመው መጀመሪያ የሚጠራው አንቺን ነው፣ እኔ ማገገሙን ነው የምሰማው። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ይዞ መጣና ‹እቴቴ፣ ካንቺ በቀር የማምነው የለም› አለኝ። አንድ ነገር። እሱንም ልትወስጂ መጣሽ?»

ማበጠሪያ የሰማችው አንዱን ብቻ ነው። ካንቺ በቀር የማምነው የለም።

ቀሚሱ ከሦስት ቀን በኋላ ተጠቦ መጣ። አንገቱ አላስገባትም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስለ አንቺ የሚባለውን ሁሉም ይሰማል፣ አንቺ ብቻ ትቀሪያለሽ። ማበጠሪያ ባዳ መሆን አልቻለችም። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ፀጉር ቤቱ ሲቀዘቅዝ፣ ስልኳን ከፍታ የክሪፕቶ ሰዎች የሚወያዩበት አንድ ግሩፕ ውስጥ ገባችና ጻፈች። ባሌ የዋሌቱን፣ የክሪፕቶ ቦርሳውን፣ ቃላት ከእኔ ደብቆ ለእህቱ ሰጠ፤ ይህ የተለመደ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ግሩፑ ውስጥ አንዱ ሳቀ፣ አንዱ «ፍቺው» አላት። ሦስተኛው ግን በግል መጣ።

«እህቴ» ይላል መልእክቱ። «ስሜትሽ ይገባኛል።»

መነጽር ያደረገ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ፎቶ ነበረው። ስሜትሽ ይገባኛል ካላት ሰው ጋር ከተገናኘች ቆይታለች። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ታጋሽ ነበር፤ አልሳቀም፣ አልደከመውም፣ ማዳመጫ አላነሳም። በሁለተኛው ቀን እንዲህ ሲል ጻፈላት። «ላስጨንቅሽ አልፈልግም እህቴ። ግን እኔ በዚህ ሥራ ብዙ አይቻለሁ። ምናልባት አንቺ የምታውቂው ዋሌት አንድ ነው። እህቱ ጋ ያሉት ቃላት የሌላው ይሆናሉ። ሁለተኛ ዋሌት ያለው ወንድ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁለተኛ ቤት አለው።»

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ይሄኛው እያስለቀሰ ወሰዳት። ከዚያ ወዲያ የባሏን እጅ፣ የባሏን ስልክ፣ የባሏን ዝምታ በሌላ ዓይን አየች። ሸሚዙ ላይ የሌላ ሰው ፀጉር ፈለገች፤ አገኘችም፣ ግን ራሷ የሠራችው የደንበኛ ፀጉር ነበር፣ ከራሷ ልብስ ወደ እሱ የተላለፈ። ያም አላጽናናትም።

«ላጣራልሽ እችላለሁ» አላት ሰውዬው። «የእህቱን ስልክ ቁጥር ብቻ ስጪኝ። ቃላቱ የየትኛው ዋሌት እንደሆኑ በአንድ ጥያቄ አውቃለሁ። አንቺን አልጠቅስም።»

ሰጠችው።

ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ መጣች። እዚያ እግሯ ረግጦ አያውቅም፤ ፀጉሯን ራሷ ነው የምትሠራው። ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ የመሀለኛዋን ወንበር መርጣ ተቀመጠችና ለቤቱ ሁሉ መናገር ጀመረች።

«ዛሬ ሌባ ደወለልኝ። ‹እናቴ፣ ከድርጅቱ ነው፤ የወንድምዎ ገንዘብ እየተዘረፈ ነው፣ ቶሎ ቃላቱን ያንብቡልኝ› አለኝ። ድምፁ ማር ነው። ‹ልጄ፣ የፈረንጅ ፊደል ነው፣ እኔ ማንበብ አላውቅም› አልኩት። ‹ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ።› ‹ስልኬ መብራት አላት እንጂ ካሜራ የላትም።› ‹እሺ እናቴ፣ የፊደሉን ቅርጽ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።› ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል! እኔም የክር ካርቶን አነሣሁና ‹የመጀመሪያው መንጠቆ ይመስላል፣ ቀጥሎ ሁለት ጉልበት ያለው፣ ቀጥሎ ድፍን ቀለበት› እያልኩ ካርቶኑን እስከ ታች ነገርኩት። የተሠራበትን ፋብሪካ ሳይቀር ጽፏል ልጁ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ።

«ከዚያማ ወንድሜ ባስተማረኝ ሰደብኩት። ወንድሜ ‹እኔ ራሴ እንኳ በስልክ ብጠይቅሽ፣ ድምፄን እንኳ ብታውቂው፣ ስድብ አጠግቢኝና ዝጊው፤ ከፈለግኩት በእግሬ እመጣለሁ› ብሎኛል። እኔ ደግሞ አደራ አልበላም፤ አጠገብኩት።»

ማበጠሪያ ማበጠሪያዋን ይዛ ቆማ ነበር። አልሳቀችም። «ነይ ልጠብሽ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ መታጠቢያው ላይ አንገቷን ወደ ኋላ ጣለች። እንዲህ የተጋደመ ሰው እንዴት ያለ ነገር ነው! ጉሮሮው ለሰማይ፣ ራሱ በሌላ ሰው እጅ። ማበጠሪያ ውኃውን ከፈተች፣ በእጇ ለካችው፣ በሽበቱ ላይ አፈሰሰችው። የሌሎቹ ሳቅ ከኋላ ገና አልበረደም።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ሳትከፍት፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አንድ ነገር ግን እዚያ አልተናገርኩም» አለች። «ልጁ ሲጨንቀው፣ እንዳምነው ብሎ፣ ‹ቁጥርዎን የሰጠችን የወንድምዎ ሚስት ናት› አለኝ።»

የማበጠሪያ ጣቶች ፀጉሩ ውስጥ ቆሙ።

«ውኃው ሞቀ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ቀዝቀዝ አድርጋ አስተካከለችው።

«ለእሱ አልነግረውም። ምን ይጠቅማል? በእኔና በአንቺ ይቅር።»

ደግ ቃል ነበር። ልብስ ሰፊዋ በእውነት ደግነት አስባ እንደሆነ ወይም ሌላ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ጠይቄአታለሁ፣ «እኔ እንጃ፣ አንገቴን አሞኝ ነበር» ነው ያለችኝ። ማበጠሪያ ግን በዚያች ቅጽበት የሚመጡትን እሑዶች ሁሉ አየቻቸው። ሳህን ይነሳል፣ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ታነሣለች፣ አንድ ጊዜ ታርገበግባለች። ይህኛው ምስጢር ደግሞ ስለ እሷ ይሆናል።

የልብስ ሰፊዋን ራስ አጠበች። አበጠረች። ካስክ ሥር አስገባቻት። ሥራዋን ሳትጨርስ አትወጣም። ከዚያ የፀጉር ቤቱን ባለቤት አስፈቅዳ፣ ፎጣው ከትከሻዋ ሳይወርድ፣ ሁለት መንገድ ተሻግራ ባሏ ከጓደኞቹ ጋር የተከራየው የሥራ ክፍል ገባች። ማዳመጫውን በእጇ ከጆሮው አነሣችው።

«ከእህትህ ቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው የመጣሁት እንጂ ልቤ ጸድቶ አይደለም» አለችው።

ነገረችው። ግሩፑን፣ መነጽሩን፣ ቁጥሩን። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና ከዓይኑ መርገብገብ ጀመረች። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ወጡ።

እሱ ከዚያ የጠየቀው ስለ ገንዘቡ አልነበረም።

«ሌላ ሴት አለችው ብለሽ ነው?»

«ሌላ ዋሌት አለው አሉኝ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«አዎ» አለች። «ሴትም።»

ተነሣ። ቤት ሄደው ሹራቦቿን አንሥተው መሣሪያዋን ሰኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ኢንተርኔቱ ደካማ ነበር። ያች ክብ ስትዞር ማበጠሪያ ያየችው ፀጉር ቤቱን ነው፤ ግድግዳው ፈርሶ፣ መታጠቢያው ተነቅሎ፣ እሷ ከምትቆምበት ላይ የስልክ ሽፋን ተደርድሮ። እጇን ፎጣው ውስጥ ቀበረች። ክቧ ቆመች። ገንዘቡ አለ። ሳይነካ፣ እንዳለ።

«ግን ቃላቱ የት እንዳሉ አውቀዋል» አለ። «ዛሬ በስልክ መጡ፣ ነገ በእግር ይመጣሉ። ሁሉንም አዲስ ዋሌት ውስጥ ማስገባት አለብን፣ በአዲስ ቃላት።»

«ለእሷ ለምን ሰጠሃት?» አለችው። አሁን ድምፅዋ ውስጥ ማበጠሪያ አልነበረም። «ካንቺ በቀር የማምነው የለም ብለሃታል።»

«ብያታለሁ። እንድትወስድልኝ ነው፤ ወረቀት ስትይዝ ትፈራለች።» ፊቱን በእጁ ጠረገ። «አንድ ቤት አንድ እሳት ነው። እኔና አንቺ አንድ ጣሪያ ሥር ነን። ቤታችን ቢቃጠል መሣሪያዋም ቃላቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ሌላ ቤት ያለው ሰው ፈለግኩ። አንቺን ሌላ ቤት አድርጌ አስቤሽ አላውቅም። መሣሪያዋ በእጅሽ ናት፣ ቁጥሩ በእጅሽ ነው፣ ከፈለግሽ ዛሬ ሁሉንም ማውጣት ትችያለሽ። እሷ ያላት የማይከፍት ግማሽ ነው። ግን ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

ይህ ሊያስደስታት የሚገባ ነገር ነበር፤ ትንሽ አስደሰታትም። ከዚያ ተናደደች።

«እኔም ሌላ ቤት አለኝ» አለች።

«የት?»

«ፀጉር ቤቱ። ልንገዛው አይደል?»

እንዲህ ሆነና አዲሶቹ ቃላት ለሁለት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ማበጠሪያ ወሰደች፤ መጀመሪያ የሚለው ነገር ላይ አልደራደርም ብላ ነው። የመጨረሻዎቹን ልብስ ሰፊዋ ወሰደች። አንዷ ያለ ሌላዋ ምንም መክፈት አትችልም።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ተነሣችና የተቀመጠችበትን ትራስ ገልብጣ ስፌቱን በመላጭ ፈታችው። ማበጠሪያ መሳቢያውን የከፈተች ቀን ሴትዮዋ ቃላቱ ላይ ተቀምጣ ነበር ያናገረቻት። በትራሱ ውስጠኛ ጨርቅ ላይ፣ በቀይ ክር፣ አሥራ ሁለት መስመር ተጠልፏል። ወረቀት ይረጥባል፣ ይቃጠላል፣ አይጥ ይበላዋል ብላ፣ የማታነበውን ፊደል እንደ አበባ አይታ እንደ አበባ ጠልፋዋለች። አንዱ ፊደል ላይ ቅጠል ጨምራበታለች፣ ባዶ ሆነብኝ ብላ። የማበጠሪያ ባል ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው።

«አሁን እኮ ባዶ ናቸው» አለ። «የሚከፍቱት ነገር የለም። ላንብባቸው?»

ሁለቱም ሴቶች ጠጋ አሉ።

«ዣንጥላ» አለ። «እርሳስ። ቲማቲም። አጎት...»

«አጎት?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አጎት ካለ እህት እንዴት ጠፋ?»

«ሚስትስ?» አለች ማበጠሪያ።

«ቆዩ እንጂ። መስኮት። ድልድይ።» እስከ መጨረሻው አነበበ። እህት አልነበረም። ሚስትም አልነበረም። ማበጠሪያ እንቅልፍ የነሷት ቃላት እነዚህ ናቸው፤ ልብስ ሰፊዋም ስትጠብቃቸው የከረመችው እነዚህን ነው። ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ ማን እንደሳቀች ሁለቱም እኔ ነኝ ይላሉ።

ፀጉር ቤቱ ዓመቱ ሳያልቅ ተገዛ። የስልክ መሸጫው ባለቤት አሁንም ግድግዳውን በዓይኑ ይለካል። ማበጠሪያ ባለቤት ከሆነች በኋላም የምትቆመው መሀል ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ በየወሩ እየመጣች መታጠቢያው ላይ አንገቷን ትጥላለች፤ ቀናተኛነታቸው አልቀነሰም፣ ግን አሁን የሚጠባበቁበት ነገር አላቸው። አንዷ የሌላዋን ግማሽ እንዳታጣ ስለምትሰጋ፣ «አለ?» ትላለች አንዷ። «አለ» ትላለች ሌላዋ።

ባለፈው እኔ ወንበሩ ላይ ሳለሁ ልብስ ሰፊዋ ካስኩን ከራሷ ገፋ አድርጋ «አንቺ እንግሊዝኛ ታነቢ የለም?» ስትል ማበጠሪያን ጠየቀቻት። «ንገሪኝ እስቲ፣ በሞቴ። ያንቺ ግማሽ ላይ ሚስት የሚል አለ?»

ማበጠሪያ ቋጠሮ አግኝታ ነበር፤ ከሥሩ ይዛዋለች።

«አይነገርም» አለች።

«ካለማ ነው የማትነግሪኝ።»

እኔ በመስታወቱ ውስጥ ፊቷን አየሁ፤ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፣ የተደሰተ ሰው እንደሚነክሰው ወይም ያልተደሰተ። ከዚያ ግድግዳውን፣ መሳቢያዎቹን፣ የጣሪያውን ጥግ በዓይኔ ዞርኩት፣ የት ደብቃው ይሆን ብዬ። በማበጠሪያው ጀርባ ራሴን መታ አደረገችኝ።

«አንቺ ደግሞ ፊት ለፊት እዪ» አለች።